በያይነቱ ላይ የተዘረጋው ጃኬት

ነገሩ የሆነው ካቻምና ጥር ላይ፣ በገበያ ዋዜማ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይሄኛው ግን አልወጣልኝም፤ ንዴቱ ስላልለቀቀኝ ነው። ሰው “አለፈ እኮ፣ ልጁም ተረፈልሽ፣ ተይው” ይለኛል። በመትረፉ አላህን አመሰግናለሁ። የተረፈበትን መንገድ ሳስበው ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል።

የምኖረው ከመካነ ሰላም በሚኒባስ ብዙ በማትርቅ ትንሽ ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ከማወራላችሁ ሰዎች ገሚሶቹ ዛሬም እዚያው ናቸው፣ ልብሳቸውንም እኔው ጋ ነው የሚያሰፉት። ከጅዳ ስመለስ የስፌት መኪና ገዝቼ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ከፈትኩ። እኔ ስመጣ ደግሞ እህቴ ሄደች። አንድ ልጇን ይመርን ለእኔ ስትተው፣ “አደራሽን ዘሀራ፣ ከሱ ሌላ የለኝም” ብላ ነው የተሰናበተችኝ። ይመር ያኔ ጢም ማብቀል የጀመረ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት የይመር ጃኬት ዚፑ ተበላሽቶ ስለነበር ልቀይርለት ወደ ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ገበሩን ስገለብጠው እኔ ያልሰፋሁት ኪስ አገኘሁ። በጥቁር ጃኬት ላይ በነጭ ክር፣ በእጅ የተሰፋ ነው። ስፌቱ ጠማማ ቢሆንም ደጋግሞ ስለወጋው ጠንክሯል። ጠባብና ረጅም ኪስ ነው። ስልክ አይገባበትም። እጄን ስሰድ ባዶ ነበር፤ ታችኛው ጫፉ ላይ ግን ጨርቁ በስለት ተበጥቷል። የጩቤ ኪስ መሆኑ ገባኝ።

ይመር የከሰዓት ተማሪ ስለነበር ቤት ነበር። ጃኬቱን ይዤ እየሮጥኩ ሄድኩና ፊቱ ላይ ዘረጋሁለት።

“ይሄ ምንድነው?”

አልዋሸኝም። “አክስቴ፣ ነገ ገበያ ነው። አደም ይዞ ነው የሚመጣው አሉኝ። እኔ ባዶ እጄን ልሂድ?”

“እንዴ፣ አትሂዳ!”

“ብቀር ፈራ ይሉኛል። ከዚያ ሌላ ቀን ብቻዬን ሲያገኘኝስ?”

ጩቤው የት እንዳለ ብጠይቀው፣ ብለምነው፣ ብቆጣው አልተናገረም። ቤቱን ገለባበጥኩት፤ የለም። በኋላ እንደሰማሁት ጓደኛው ጋ ነው ያስቀመጠው።

አደም የታች ሰፈር ልጅ ነው። ጠቡ የጀመረው ኳስ ሜዳ ላይ ነው። መጀመሪያ የይመር ግንባር በድንጋይ ተፈንክቶ ጤና ጣቢያ ተሰፋ። ቀጥሎ የእኛ የላይ ሰፈር ልጆች አደምን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ደበደቡት። የሁለታችን ሰፈር ሽማግሌዎች ነገሩን ያውቁታል፤ “እህሉ ከአውድማ ይግባና እናስታርቃቸዋለን” ብለው ቀጠሮ ይዘዋል። እኛ ጋ በጥር ሽማግሌ አይገኝም፤ ሁሉም ውቂያ ላይ ነው። እንደ ልማዱ ቢሆን ልጆቹም ውቂያ እስኪያልቅ መጠበቅ ነበረባቸው።

እኔ ግን ያለፈውን ዓመት አስታወስኩ። በገበያ ቀን አንድ ልጅ በጩቤ ተወግቶ ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ሲወስዱት መንገድ ላይ ደሙ አልቆ ሞተ። እናቱን ለቅሶ ላይ አይቻታለሁ። የገዳዩን እናት ግን ማንም አላያትም፤ ከቤቷ መውጣት አቆመች። ይመር ከሁለቱ አንዱን ሊሆን ነው። ለእህቴ በስልክ ምን ልላት ነው?

መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ሄድኩ። “ልጄን እሰሩልኝ” አልኩት አዛዡን።

“ምን አደረገ?”

“እስካሁን ምንም። ነገ ግን ሊያደርግ ነው።”

ፈገግ አለ። “እህቴ፣ ሰው ላላደረገው ነገር እኮ አይታሰርም። ተማሪ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ይምከረው።”

“እንግዲያውስ ምከሩት! ጩቤውን ተቀበሉልኝ!”

“አብሽሪ” ብሎ በሩ ድረስ ሸኘኝ።

ትምህርት ቤት ሄድኩ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ወንበር አቀረበልኝ። ከግቢ ውጪ የሚሆነው ነገር የፖሊስ ሥራ ነው፤ ተጎድቶ ከሆነ ደግሞ ጤና ጣቢያው ያረጋግጥልሽ አለኝ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ኃላፊው የታካሚን ጉዳይ ፖሊስ ካልጠየቀን ለማንም አንናገርም አለኝ። የራሴን ልጅ ግንባር እኮ ነው! የሰፋችሁት እናንተ፣ ያስታመምኩት እኔ!

የወጣቶች ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ኃላፊው እንደ ሌሎቹ ጥሩ አድርጎ ተቀበለኝ። “በወጣቶች መካከል የሚፈጠርን ግጭት ለመከላከል የባለድርሻ አካላት የጋራ መድረክ በሚቀጥለው ወር አለን። ያንቺን ሐሳብ እዚያ እናነሳዋለን” አለኝ።

ነገ ገበያ ነው እያልኩት ስለሚቀጥለው ወር ይነግረኛል! ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሁሉም አከበሩኝ፣ ሁሉም አብሽሪ አሉኝ፣ ሁሉም ወደ ሌላው ላኩኝ።

ጃኬቱን ታቅፌ ወደ ሱቄ ስመለስ የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። መናኸሪያው ማዶ ካለችው ምሳ ቤት ሳቅ ሰማሁ። ዞር ብዬ ሳይ አራቱም እዚያ ናቸው። የፖሊስ አዛዡ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ የወጣቶች ጽሕፈት ቤቱ ሰው። በአንድ ትሪ። ረቡዕ ስለነበር እስላሙም ክርስቲያኑም የሚበላው በያይነቱ ቀርቦላቸዋል። እንዲያውም አዛዡ ጠቅልሎ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ሊያጎርሰው እጁን ዘርግቷል።

ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። ለካስ በየቀኑ አብረው ነው የሚበሉት! እኔን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲያንከራትቱኝ ያረፈዱት ሰዎች በአንድ ገበታ ይጎራረሳሉ።

ገባሁ። በእህል ላይ ልብስ መጣል ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ያሳደገችኝ እናቴ ብታየኝ ትረግመኝ ነበር። ጃኬቱን ገበሩን ወደ ላይ አድርጌ ትሪው ላይ ዘረጋሁት። ሽሮውም ጎመኑም ከሥሩ ቀረ።

የአዛዡ ጉርሻ አየር ላይ ቆሟል።

“ዘሀራ፣ አበድሽ እንዴ?” አለ የወጣቶቹ ሰው።

“አዎ አብጃለሁ! ይሄ የጩቤ ኪስ ነው። የይመር ነው። ነገ አደምን ሊወጋበት ነው፣ ወይ ደግሞ አደም ይወጋዋል። አንዳችሁም የኔ ሥራ አይደለም ብላችኋል። አሁን አራታችሁም አንድ ላይ ናችሁና ተነጋገሩና የማን ሥራ እንደሆነ ንገሩኝ። እስክትነግሩኝ አላነሳውም።”

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነው መጀመሪያ የተናገረው። ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ “አደም... የታች ሰፈሩ? እሱንም እኮ ባለፈው ክንዱን ሰፍተነዋል። በስለት ነበር” አለ።

ምክትሉ ዞር ብሎ አየው። “መቼ? አደም እኮ ትምህርት ካቆመ ሰነበተ። አሞት መስሎን ነበር።”

አዛዡ ጉርሻውን አስቀመጠ። “ያን ልጅ እኔ አውቀዋለሁ። ሴንጢ ነጥቄው መክሬ ለቅቄዋለሁ።”

የወጣቶቹ ሰው ትንሽ ዘግይቶ፣ መሬት መሬት እያየ፣ “እናቱ ባለፈው ሳምንት ቢሮ መጥተው ነበር። ለመድረኩ እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ” አለ።

በቃ። ይኸው ነው። የጎደለው ነገር ሁሉ እዚያው ትሪው ዙሪያ ነበር። አንዱ ቁስሉን ያውቃል፣ አንዱ መቅረቱን ያውቃል፣ አንዱ ስለቱን ያውቃል፣ አንዱ የእናቱን ልቅሶ ሰምቷል። ስለ ሥራ ዝውውር ያወራሉ፣ ስለ ኳስ ያወራሉ፣ ይጎራረሳሉ። ስለ ልጆቻችን ግን አንድ ቀን አላወሩም።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን ልጆች ለመያዝ የፈጀው ምሳ ተበልቶ የሚያልቅበትን ጊዜ ብቻ ነው። ምክትሉ እጁን ታጥቦ ይመርን ከክፍል አስወጣው፤ ጓደኛውም ጩቤውን አመጣ። አዛዡና የጤና ጣቢያው ሰው አደም ቤት ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። አደም ሸራ ጫማው ውስጥ ቢላ ደብቆ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያየን አልሮጠም። እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ።

“ይመር ይዞ ነው የሚመጣው አሉኝ። ባዶ እጄን ልሂድ?” አለ።

ቃል በቃል። የኔው ልጅ ጠዋት ያለኝን። ሁለቱም ፈርተው ነው የታጠቁት።

እናቱ እትዬ ከድጃ ከጓዳ ወጥተው አዩኝ። የተጣላ ቤተሰብ እርቅ ሳይወርድ እቤት አይገባባም፤ እሳቸው ግን እጄን ይዘው አስገቡኝ። “ልጄ፣ እኔም ለፍልፌ ደክሞኛል። ወላሂ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር” አሉኝ።

“እኔም እትዬ፣ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር” አልኳቸው። ተቃቅፈን አለቀስን።

አመሻሹ ላይ ሽማግሌዎቹም ከአውድማቸው ተጠርተው መጡ። ሁለቱን ልጆች አንዱ ሌላውን ላይነካ በዋስ አሰሯቸው፤ የይመር ዋስ የአደም አጎት፣ የአደም ዋስ የይመር አጎት ሆነ። በማግስቱ ገበያው በሰላም ዋለ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ንዴቴም ይበርድ ነበር። በሚቀጥለው ወር ግን ያ መድረክ ተካሄደ። ባነር ተሰቀለ፣ የታሸገ ውኃ ተደረደረ፣ እኔና እትዬ ከድጃም ተጠራን። የወጣቶቹ ሰው ማይክ ይዞ፣ “በባለድርሻ አካላት ጠንካራ ቅንጅት ሊደርስ የነበረን አደጋ አስቀድመን አክሽፈናል” አለ። ተጨበጨበ።

ተነሳሁ። “የተቀናጃችሁት ትሪ ላይ ነው! እኔ ገበታችሁን ባላበላሽ ኖሮ ዛሬ እዚህ ሳይሆን ለቅሶ ቤት ነበር አብራችሁ የምትቀመጡት” አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቀልድ መሰላቸው! አጨበጨቡልኝም። እኔ ግን አልሳቅኩም። እትዬ ከድጃም አልሳቁም፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያዩ ነበር።

ይመር አሁን ደሴ ይማራል። ከአደም ጋር ይደዋወላሉ። ኪሱን ከጃኬቱ ፈትቼ አወጣሁት፤ የነጩ ክር ቀዳዳዎች ግን ገበሩ ላይ እስከ ዛሬ አሉ። ለእህቴ እስካሁን አልነገርኳትም። ከአራቱ አዛዡና ምክትሉ ተዛውረው ሌሎች መጥተዋል። አዲሶቹም አብረው ነው የሚበሉት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የማላውቀው ወጣት ጃኬት ይዞ ሱቄ መጣ። ከውስጥ በኩል ኪስ እንዳወጣለት ፈለገ። ርዝመቱን ስጠይቀው ከእጁ አንጓ እስከ ክንዱ አጋማሽ አሳየኝ።

“ምን ልታስቀምጥበት ነው?”

“ስልክ” አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቄ፣ ለነገ ቀጥሬ ሸኘሁት። ከዚያ ሰዓቴን አየሁ፤ ምሳ ሊደርስ ነው። ሱቄን ቆልፌ ጃኬቱን ታቅፌ ወደ ምሳ ቤቷ ተሻገርኩ። አራቱ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር፣ በያይነቱ ገና አልቀረበም። እስኪቀርብ ቆሜ ጠበቅኩ።