ከመተማ በኩል የመጣችው ሴት

በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ወታደሮች ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ጠርተው ወሰዱኝ። ለጥቂት ጥያቄ ብቻ ትፈለጊያለሽ ስላሉኝ የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ ሳላራግፍ ወጣሁ። ያስገቡኝ ከደብረ ታቦር ዳር ያለ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ ነው፤ ማለዳ ላይ ትንፋሻችን ውኃ ሆኖ ይንጠባጠብብናል። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የገብስ ፍሬ ነበር። ሴቶቹ አንዱን ጥግ ከወንዶቹ በሸራ ከልለን እንተኛለን።

አጠገቤ የምትተኛው ከእብናት የመጣች ልጅ ነበረች። ወንድሟን ፈልገው ሲያጡት እሷን ያዟት። ዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰችው በቅርቡ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሱዳናዊት አስገቡብን። የአገሯን ጦርነት ሸሽታ በመተማ በኩል ገብታ ስደተኞች መጠለያ ውስጥ ትኖር ነበር። እርጉዝ ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። በሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር ስትሄድ ኬላ ላይ ወረቀት ጠየቋት፤ አልነበራትም። እኛ ዘንድ እንደገባች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ዳቦ ብንሰጣት አልነካችውም።

የእብናቷ ልጅ በዓረብኛ ቀረበቻት። ቀስ በቀስ ነገሩን አወቅነው። ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ መንቀሳቀስ ትቷል። ለመጠለያው ሠራተኞች ብትናገርም ቋንቋዋን የተረዳት ስላልነበረ፣ ሐኪም ፍለጋ ብቻዋን ወጣች።

በሩን ደበደብን። የጥበቃው ኃላፊ ነገ ይታያል አለን። በማግስቱ መቆም ሲያቅታት እሱም ፈራ መሰለኝ፣ እኔና የእብናቷ ልጅ ደግፈን ጤና ጣቢያ እንድንወስዳት ፈቀደ። አንድ ጠባቂም አብሮን እንዲሄድ ታዘዘ።

አዋላጇ የጽንስ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አድርጋ ብዙ አዳመጠች። ቦታ ቀይራ እንደገና አዳመጠች። ከዚያ ቀና ብላ የእብናቷን ልጅ፣ «ንገሪያት» አለቻት።

ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ እኔ የማውቀው የወጥ ቤት ዓረብኛ ነው» አለችኝ። «እጠቢ፣ አምጪ፣ ዝም በይ። ታምሜ ስተኛ እንኳ ያመኛል ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረኝም። ይኼን በምን አፌ ልንገራት?»

ከዚያ ልጅቱ የሴትዮዋን እጅ ያዘችና አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች። ሴትዮዋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ቀድማ ታውቅ ነበር።

ልጁ በምጥ መውጣት ነበረበት። ጠባቂው ከአልጋው ግርጌ ቆሟል። እንዲወጣ ለመንሁት።

«ታዝዤ ነው እትዬ፤ ዓይንህን እንዳትነቅልባት ተብያለሁ» አለኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።

ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድሁ። አንዱን ጫፍ ለእብናቷ ልጅ ሰጥቼ በእሱና በአልጋው መካከል ወጥረን ያዝነው። ጠባቂው በኋላ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። እኛም ክንዳችን እስኪዝል አላወረድነውም።

ሴት ልጅ ነበረች። እናቷ አጠበቻትና ነጭ ጨርቅ ጠየቀች። አዋላጇ ያላት አረንጓዴ ብቻ ነበር፤ ነጠላዬን ሰጠኋት። ጥለቱን በመቀስ ቆርጣ ነጩን ብቻ አስቀረችላት። እናቲቱ ስትጠቀልላት ስም ጠራች፤ የእብናቷ ልጅ እኔም በትክክል እንድይዘው ደገመችልኝ። ጠባቂው ማንም ሳያዘው ወጥቶ ከበሩ ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸውን አንድ ሐጂ ጠራልን። ሐጂው ሕፃኗን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ሊቀብሯት ይዘዋት ሄዱ።

ሴትዮዋን ወደ መጋዘኑ አልመለሷትም። ወደ መጠለያው ተወስዳለች አሉን፤ እውነት ይሁን አይሁን አላወቅሁም። እኔን ክስም ሳይመሠርቱብኝ ለቀቁኝ። የእብናቷ ልጅ ተመልሳ ዓረብ አገር ሄዳለች። ስትደውል ስለ ጤናዋ እጠይቃታለሁ፤ ደኅና ነኝ ትለኛለች፤ የዚያን ቀን ነገር ግን ሁለታችንም አናነሣም።

አሁን ወደ ማስተማሩ ተመልሻለሁ። ጠዋት ክፍል ገብቼ የተማሪዎቼን ስም ስጠራ፣ አንዳንድ ቀን የዚያችን ሕፃን ስም በልቤ እጨምረዋለሁ። አቤት የሚል የለም። ወደሚቀጥለው ስም አልፋለሁ።