የሞተሩ እጀታና የአባቴ ስም

ቀኝ እጄ ከእኔ ቀድሞ ያንቀላፋ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ አማኑኤል ሳልደርስ መጀመሪያ ትንሿ ጣቴ፣ ቀጥሎ የቀለበት ጣቴ፣ ከዚያም መዳፌ እንዳለ ይደነዝዝና የሞተሩን እጀታ የያዘው የሌላ ሰው እጅ ይመስለኛል። እያየሁት እሄዳለሁ። አቧራ ለብሷል፣ ጨብጧል፣ የእኔ ግን አይደለም። የሞተሩ ድምፅ አይለወጥም፤ መንገዱም አይለወጥም፤ በስተቀኝ የጮቄ ተራራ ሰማያዊ ሆኖ አብሮኝ የሚሄድ ይመስላል። ዓይኔ ተከፍቶ ሕልም ያየሁት በዚያ መንገድ ላይ ነው። የሚያስፈራው ሕልሙ አልነበረም፤ ከሞተሩ ስወርድ የሚመጣው ነበር።

ስወርድ እጄ ይንቀጠቀጣል። ቤት ገብቼ ከመሶቡ የቆረስሁት እንጀራ አፌ ሳይደርስ ወጡ ጉልበቴ ላይ ይንጠባጠባል። እናቴ እያየች እንዳላየች ትሆናለች። ከማዕዱ በኋላ ጨው የተጨመረበት ሙቅ ውሃ ታመጣና እጄን ትዘፈዝፈዋለች። ጊዜው ሁዳዴ ነበርና ቅቤ አይነካም፤ በኑግ ዘይት ከክንዴ ጀምራ እስከ ጣቶቼ ጫፍ ታሸኛለች። አሽታ ስትጨርስ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ይደርስ ይሆን?»

«ይደርሳል እማዬ» እላለሁ። እንደሚደርስ ግን አላውቅም ነበር።

የምትጠይቀኝ ስለ ዳዊቱ ነው። አባቴ አባይ በረሃ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመልሶ፣ በሦስተኛው ሳምንት ገርጥቶ፣ ከንፈሩ ሳይቀር ነጥቶ ሞተ። እኔ ያን ጊዜ የቁም ጽሕፈት ተማሪ ነበርሁ፤ ብራና እፍቃለሁ፣ ቀለም እበጠብጣለሁ፣ የኔታ ሲፈቅዱልኝም እጽፋለሁ። እናቴ ከአርባው በኋላ ጠራችኝና «ስሙ የሚነሣበት ዳዊት በእጅህ ጻፍለት። ለሙት ዓመቱ ለቤተ ክርስቲያን እንስጥለት» አለችኝ። እናቴ ፊደል አትለይም። ከእኔ የለመነችው ነገርም ከዚያ በፊት አልነበረም።

የሙት ዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ነው። መጽሐፉ ተጽፎ አልቋል ማለት ይቻላል፤ የቀረው ስሙ ብቻ ነበር። በየጸሎቱ መካከል «ለባሪያህ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የሟቹ የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ይገባል። ሰባት ቦታ ባዶ ትቼ ነበር። የጸሐፊ ልማድ ነው፤ ስም በመጨረሻ፣ በንጹሕ ቀን፣ በተረጋጋ እጅ ይጻፋል። የኔታ ደግሞ በዚህ ላይ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ሌላው ቃል ቢበላሽ በሰንጢ ተፍቆ ይስተካከላል፤ የሙት ስም ግን አይፋቅም። «አንዴ ሞቷል፤ ሁለተኛ አታጥፋው» ይሉ ነበር። ስለዚህ የሚንቀጠቀጥ እጄን ይዤ ወደ እነዚያ ሰባት ቦታዎች መቅረብ አልደፈርሁም።

ሞተሩ ላይ እንዴት እንደ ወጣሁ ደግሞ ልናገር። ዘመኑ የጣሊያን ነው። ስለ ዘመኑ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል፤ እኔ የምጽፈው ስለ እጄ ነው። መስከረም ላይ ማንበብ የሚያውቅ ቀጭን ሰው ሲፈልጉ አገኙኝና በሞተር ደብዳቤ አመላላሽ አደረጉኝ። እምቢ የሚባልበት ጊዜ አልነበረም፤ ብዬም አላየሁት። ለጣሊያን ማደሬን አልደብቅም፤ አልኮራበትምም። ጠዋት ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ፣ አማኑኤልን አልፌ ደምበጫ ደርሼ፣ በዚያው ቀን እመለሳለሁ።

መንዳት ያስተማረኝ የጋራዡ መካኒክ ነው፤ ፀጉሩ የሸሸ፣ ጉንፋን የማይለቀው ጣሊያን። እሱ ሦስት ቃል አማርኛ፣ እኔ ሁለት ቃል ጣሊያንኛ ይዘን ተግባባን። እጀታውን ወደ ራሴ ስጠመዝዘው ነዳጅ ይሰጣል፤ ስለቀው ይመለሳል። ሞተሩ እንዲሄድ ከተፈለገ ሙሉውን መንገድ ጠምዝዞ መያዝ ነው። «ፒያኖ፣ ፒያኖ» ይለኝ ነበር፤ ቀስ በል ማለቱ ነው። እኔ ግን የማውቀው በቅሎ ነው። በቅሎ ስትደነግጥ ልጓሟን ማጥበቅ ነው። ሞተሩ በጮኸ ቁጥር አጥብቄ እይዘዋለሁ፤ ባጠበቅሁት ቁጥር ይብሱን ይጮኻል። እንዲህ እየተጯጯህን ስድስት ወር ኖርን።

በሁዳዴ አጋማሽ እጄ ጭራሽ ብዕር አልይዝ ሲል የኔታ ዘንድ ሄድሁ። ቤታቸው ከከተማው ጫፍ ነው። ሞተሩን በራፋቸው ላይ ሳቆመው ዶሮዎቻቸው ተበተኑ፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። እጄን አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና «እጁ ደኅና ነው። የሚይዘውን አሳየኝ» አሉ።

ሞተሩን ሳላስነሣ ወጣሁበትና እጀታውን ያዝሁ። በመቋሚያቸው ተደግፈው ጎንበስ ብለው ጣቶቼን አንድ በአንድ ተመለከቱ።

«ይሸሻል ወይ?» አሉኝ።

«አይሸሽም የኔታ።»

«ታዲያ ምን አድርጎህ ታንቀዋለህ?»

መቋሚያቸውን አነሡና ትከሻዬን ቸብ አደረጉት። «ይኼ ከጆሮህ ይውረድ። ክንድህን ጣለው። ብዕር የያዝህ ጊዜ ሦስቱ ጣት ይሠራል፣ ሁለቱ ያርፋል፤ የሚያጽፉህ ያረፉት ናቸው ብዬህ አልነበረም? ይኸንንም እንደዚያ ያዘው። ሜዳው የተቃና እንደሆነ መዳፍህን ጫን አድርግበትና ጣቶችህን ፍታቸው።» ቀጥለው እጀታውን ራሳቸው ጨበጡት። «ቀጭን ነው። ቀጭን ነገር እጅን ያስጨብጣል። አንድ ነገር ጠቅልልበትና ወፈር ይበል።»

ሞተር ላይ ተቀምጠው የማያውቁ ሰውዬ ስድስት ወር ያሠቃየኝን ነገር ቆመው ሳይሰለቹ ነገሩኝ። በማግሥቱ እንዳሉኝ አደረግሁ። ትከሻዬን አወረድሁ፤ በሜዳው ላይ ጣቶቼን ፈታሁ፤ በየወንዙ ዳር ቆሜ እጄን አራገፍሁ። ደምበጫ ስደርስ መዳፌ አብሮኝ ነበር። ደስታዬን መግለጽ ያቅተኛል፤ እጄን እንደ ጠፋ ከብት አገኘሁት።

ይበቃኝ ነበር። የቀረው መጠቅለሉ ነው፤ የኔታ ጠቅልልበት ሲሉ ጨርቅ ማለታቸው ነው። እኔ ግን የቆዳ ሰው ነኝ። ከዳዊቱ ብራና የተረፈ ጥሬ የፍየል ቆዳ ነበረኝና ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌው አደርሁ። ጠዋት በእርጥቡ እጀታው ላይ ጠቅልዬ፣ በጠፍር ሰፍቼ፣ ጣቶቼ ጎድጓዳ እንዲያወጡበት ጨበጥሁት። እየነዳሁ ሲደርቅ የእጄን ቅርጽ ይይዝልኛል፣ ከዚያ በኋላ መጨበጥ የለም፣ ማስቀመጥ ብቻ ነው ብዬ አሰብሁ። ሐሳቡ አሁንም ክፉ አይመስለኝም። ብቻ እንዲያምር ብዬ ስፌቱን አረዘምሁት፤ ቆዳው ከሚዞረው እጀታ አልፎ የማይዞረውን ብረት ጭምር አቀፈ። ብራና የሚሠራ ሰው፣ እርጥብ ቆዳ በፀሐይ ሲደርቅ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት! ወፍራም ጣውላ ሲያጎብጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኼው ነው።

ያን ቀን ፀሐዩ ብርቱ ነበር። ከከተማው ወጥቼ ሜዳው ላይ ስደርስ ጣቶቼን ፈታሁ፤ ሞተሩ ፍጥነቱን አልቀነሰም። መዳፌንም አነሣሁ፤ አሁንም አልቀነሰም። መደንገጥ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ጸሎቴ የተሰማ መሰለኝ። ቀኝ እጄን ጭኔ ላይ አሳረፍሁት። ስድስት ወር ሙሉ በመንገድ ላይ አርፎ አያውቅም።

ያንን ግማሽ ሰዓት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሞተሩ ብቻውን ይሄዳል፤ እኔ በግራ እጄ አቅጣጫ ከመያዝ በቀር ሥራ የለኝም። ማሳው ታጭዶ አልቋል፤ የገለባው ክምር በየደጁ ቆሟል። የዛፍ ጥላ ፊቴ ላይ ያልፋል፣ ብርሃን ያልፋል፣ ደግሞ ጥላ። ቀኝ እጄን አንሥቼ በነፋሱ ውስጥ ዘረጋሁት። ነፋሱ በጣቶቼ መካከል ሲያልፍ ጣቶቼ አንድ በአንድ ነቁ፤ ትንሿም ጭምር። ሳላስበው በአየሩ ላይ የአባቴን ስም መጻፍ ጀመርሁ። ፊደሎቹ እንደ ልማዳቸው ቆመው ወጡ። አልተንቀጠቀጥሁም። ሰባት ጊዜ ጻፍሁት፤ እያንዳንዱን ነፋሱ ወደ ኋላዬ ይወስደዋል፣ እኔም ሌላ እጽፋለሁ። አባቴ ከኋላዬ የተቀመጠ ያህል ጀርባዬ ሞቆኝ ነበር። ናፍቆኝ እንደ ነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አለቀስሁ፤ እንባዬንም ነፋሱ አደረቀው።

አማኑኤል ሲቃረብ መንገዱ ወደ ድልድዩ ቁልቁል ይወርዳል። ቀኑ የገበያ ቀን ነበርና ድልድዩ እህል በጫኑ አህዮች ተሞልቷል። እጀታውን ልመልስ ያዝሁት፤ አልተመለሰም። ቆዳው እንጨት ሆኗል። በሁለት እጄ ጠመዘዝሁት፤ ወይ ፍንክች። ፍሬኑን ረገጥሁ፤ ሞተሩ እየጮኸ መውረዱን ቀጠለ። ከፊቴ ሰዎች አህዮቻቸውን ትተው ሲሸሹ አየሁ። ድልድዩ ሳይደርስ መሪውን ወደ ታጨደው ማሳ መለስሁት።

ስወድቅ ያደረግሁት አንድ ነገር ነው። ቀኝ እጄን ጋቢዬ ውስጥ ከትቼ ደረቴ ላይ አቀፍሁት። የወደቅሁት በግራዬ ነው። ክንዴ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ተንጋልዬ ሰማዩን እያየሁ በመጀመሪያ ያደረግሁት ቀኝ እጄን አውጥቼ ጣቶቹን መቁጠር ነበር። አምስቱም ነበሩ።

መካኒኩ በካሚዮን መጣ። ሞተሩን አቃንቶ እጀታውን አየና ቆዳውን በጩቤ ቀደደው። ጉንፋኑ ባይኖር ሽታው ይገድለው ነበር። የሚቆጣ መስሎኝ ስጠብቅ፣ የጣቶቼን ጎድጓዳ አየና የራሱን ጣቶች አንድ በአንድ አስቀመጠበት። ከዚያ «ፒያኖ» አለኝና ቆዳውን ጭኔ ላይ ጣል አደረገልኝ። ከዚያ በኋላ ሞተር ላይ የወጣሁበት ቀን የለም፤ ቦታዬን ለሌላ ሰጡት።

ወጌሻው ክንዴን አቃንቶ በቀርከሃ አሰረው። ለሙት ዓመቱ የቀረው አንድ ወር ያህል ነው። ቀኝ እጄ ደኅና ነበር፤ ጸሐፊ ግን ያለ ግራ እጅ አይጽፍም። ብራናውን ጉልበቱ ላይ ወጥሮ የሚይዘው ግራው ነው። የኔታን ልጠራ አስቤ ነበር፤ እናቴ «እኔ እይዝልሃለሁ» አለች።

እጇን ሦስት ጊዜ ታጠበች። በረፋዱ ብርሃን ከደጃችን ተቀመጥን፤ ቀዩን ቀለም የያዘውን ቀንድ መሬት ላይ ተከልሁት። ብራናውን በሁለት እጇ ጉልበቴ ላይ ወጥራ ያዘችው። ብዕሬን ነክሬ ሳነሣው ጫፉ ተንቀጠቀጠ። እሷም አየችው፤ ትንፋሿን ዋጠች። ካበላሸሁት እንደማይፋቅ ታውቃለች። ብዕሩን ስመለከተው ጣቶቼ ከላዩ ነጥተው ነበር። ምን አድርጎህ ታንቀዋለህ የሚለው የኔታ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ትከሻዬን አወረድሁ፤ ሁለቱን ጣቶቼን አሳረፍኋቸው። ነፋሱ በመካከላቸው ሲያልፍ የነበረውን አሰብሁ። ከዚያ ጻፍሁ።

ቀለሙ እስኪደርቅ ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም። እናቴ ገጹን ከላይ እስከ ታች፣ ጥቁሩን ፊደል ሁሉ አየችው።

«አባትህ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

በብዕሬ ደረቅ ጫፍ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ቀዩን ስም ብዙ ጊዜ አየችው።

«ገርጥቶ ነበር የሄደው» አለች። «አሁን መልኩ ተመለሰ።»

የሚቀጥለውን ቅጠል ገልጣ ያዘችልኝ።