ከአዋሽ ሰመራ በማስመሪያ

«እማዬ፣ ከአዋሽ ሰመራ እኮ በአውሮፕላን አርባ ደቂቃ ነው!» አለችኝ ልጄ አሁን፣ ስልኳን እያሳየችኝ።

የትኛው አውሮፕላን? አዋሽ መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ ሁለት ሰዓት አልፎናል።

ስልኩ ካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሯል። መስመሩን ሳየው ደሜ ፈላ፤ አውቀዋለሁ።

በደርግ ጊዜ እዚሁ አዋሽ ሆቴል ቤት ስሠራ፣ አባቴ ሎጊያ በጠና መታመሙን አንድ ሾፌር ነገረኝ። ሰመራ ያኔ ከተማ አልነበረችም፤ ሰው የሚሄደው እዚያው አጠገቧ ወዳለችው ሎጊያ ነበር።

ያለ ይለፍ ወረቀት ደግሞ ንቅንቅ የለም። የቀበሌው ጸሐፊ ካርታው ላይ ማስመሪያ አጋድሞ ለካና «ቅርብ ነው፣ አንድ ቀን ይበቃሻል» ብሎ የአንድ ቀን ይለፍ ጻፈልኝ። ማስመሪያ ላይ ጎማ አይፈነዳማ!

የተሳፈርኩበት የአሰብ ጭነት መኪና ገዋኔ ላይ ተበላሽቶ አደርን። በማግስቱ ሚሌ ኬላ ስንደርስ ወታደሩ ወረቀቴን አገላብጦ አየና «ትናንት አልቋል፣ ተመለሽ» አለኝ።

«ጓድ፣ አባቴ ሊሞትብኝ ነው። ሎጊያ እኮ ይኸው እዚህ ናት!»

«አሳድሺና ነይ።»

አዋሽ ተመልሼ፣ አሳድሼ ሎጊያ ስገባ፣ አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከተቀበረ ሦስት ቀኑ ነበር። እናቴ «እስከ መጨረሻው በር በሩን እያየ ነበር» አለችኝ።

ሚኒባሱ አሁንም አልሞላም። ስልኩም አሁንም አርባ ደቂቃ ይላል።

እስቲ ንገሩኝ፣ «ቅርብ ነው» ተብላችሁ ሳትደርሱለት የቀራችሁት ሰው አለ?