በሥራ ሰሌዳ የደረሰኝ መርዶ

የባልደረባዬን የጌታነህን ሞት የነገረኝ ሰው አይደለም። ናይሮቢ በምኖርበት ቤት የጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ኮምፒውተሬን ስከፍት፣ ቡድናችን የሚሠራበት የሥራ ሰሌዳ ማሳወቂያ ላከልኝ፦ «የጌታነህ አካውንት ተዘግቷል። ሥራዎቹ ወደ እርስዎ ተዛውረዋል።» ከሥሩ «ተቀብያለሁ» የሚል ቁልፍ ነበር፤ ተጫንሁት።

ሥራ የለቀቀ መስሎኝ ደብረ ታቦር ላለችው ባልደረባችን ለትርንጎ ደወልሁ።

«ጌታነህ ሳይሰናበተኝ ወዴት ሄደ? ጉና ተራራ ሥር ቤተሰብ ሊጠይቅ ወጥቷል አላላችሁኝም?»

«እቴ፣ አጠገብሽ ሰው አለ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ጉና ወጥቷል ያሉኝ በወጉ እስኪያረዱኝ ድረስ ሊደብቁኝ ነበር። ከተቀበረ ሳምንት አልፎታል።

ደብረ ታቦር ሥራ የጀመርሁ ዕለት ሰሌዳችን ግድግዳው ነበር። ሥራው በወረቀት ቁራጭ ተጽፎ ይለጠፋል፤ የጨረሰ ሰው ተነሥቶ ወረቀቱን ወደ ቀኝ ያሻግራል። ለጤና ጣቢያዎች የመድኃኒት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እንሠራ ነበር፤ ጌታነህ ኮድ ይጽፋል፣ እኔ እፈትሻለሁ። በዚያው ዕለት ስሕተት አግኝቼ ወረቀቱን መለስሁበት።

«ኧረ ወንበርሽ እንኳ አልሞቀም!» አለና ስቆ አስተካከለው። ከዚያ ወዲያ እኔ ሳላይለት አንድም ሥራ አልዘጋም።

እኔ ናይሮቢ ስመጣ ግድግዳው ቀርቶ ሁሉም በኢንተርኔት ሆነ። ሰሌዳው በየጊዜው አዲስ ነገር ይጨመርበታል። የቅርቡ ይህ ነው፦ የአንድ ሰው አካውንት ሲዘጋ፣ ያልጨረሰው ሥራ ማንም ሳያዝዝ አብሮት ለሚሠራው ይተላለፋል፤ ማሳወቂያውም አብሮ ይሄዳል።

ኃላፊያችን ጋሽ ሙሉቀን መርዶው እንዴት እንደ ደረሰኝ ከትርንጎ ሰምተው ወዲያው ደወሉ።

«ልጄ፣ የሟች አካውንት ክፍት አይተውም ብዬ ዘጋሁት። አንቺ ዘንድ ይደርሳል ብዬ መቼ አሰብሁ? እኛ እኮ የዚያ አገር ቤተ ክርስቲያናችሁን ቄስ ስናፈላልግ ነበር። ማለዳ ከምእመናን ጋር ቤትሽ መጥተው እንዲያረዱሽ።»

«አንቱ ምን ያርጉ፣ ጋሽዬ» አልኋቸው። «እኔ ግን ብቻዬን ተቀመጥሁና ‹ተቀብያለሁ› ብዬ ተጫንሁ። ሞቱን።»

ሲያለቅሱ ሰማኋቸው።

ጤና ጣቢያዎቹ ስለሚጠብቁ ሥራዎቹን ጨረስኋቸው። ሰሌዳው ጌታነህ ራሱ በጨረሳቸውም ላይ ስሙን በስሜ ልተካ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አይሆንም አልሁ። ነፍሱን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን።

ለሙያው ልጆች የምለው አጭር ነው። ባልደረባ ሲሞት፣ አካውንቱን ከመዝጋታችሁ በፊት ማሳወቂያውን አጥፉ። ርቆ ላለው አስቀድማችሁ ሰው ላኩበት።

ቀብሩ ላይ የነበራችሁን ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እኔ ለቅሶ አልተቀመጥሁም። ምን እንዳመመው፣ ማን አጠገቡ እንደ ነበረ፣ እናቱን ማን ደግፎ እንደ ያዘ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚወራው አድርጋችሁ አውጉኝ። አትጻፉልኝ፤ ደውሉልኝ።