የካኑ ልጅ እናት

ልጄ የመመረቂያ ጥናቷን በመምህራን ፊት በምታቀርብበት ሳምንት፣ ቤት ውስጥ ስትለማመድ ምስር እየለቀምሁ ደጋግሜ ሰማኋት። ትምህርቷ ስንት ጊዜ ተቋርጦባት ነው እዚህ የደረሰችው። ይህ ቀን ቢበላሽባት ገና ሌላ ዓመት ትጠብቃለች።

ርዕሷ በፋርስ ተራሮች መካከል የነበረች ትንሽ ግዛት ናት። ገዥዋ ካን ይባላል፤ የጎሣው አለቃ ነው፤ ሲሞት ልጁ ይተካል። ሻህ የሚሉት ንጉሥ ሩቅ ነው፤ አለቆቹንም አያምናቸውም። ስለዚህ የካኑን ልጅ ወስዶ ቤተ መንግሥቱ ያስቀምጠዋል።

«እንግዳ ይሉታል እንጂ መያዣ ነው» አለች።

«እናቱስ?»

«እማዬ፣ የእናቱን ነገር የጻፈ የለም።»

ምስሩን እንደገና ለቀምሁት።

በማኅበራችን ቀን ሴቶቹ አልማሩኝም። «እቴ፣ ልጅሽ የጎንደር ነገሥታት አልቀውባት ነው ፋርስ የወረደችው?» አለች አንዷ።

«ተያት፣ ካን አግብታ ትገላግልሻለች» አለች ሌላዋ። ሳቅሁና ጠላ ጨመርሁላቸው።

ቀኑ ደርሶ ልጄ ፔዳ ወደሚባለው የዩኒቨርሲቲዋ ግቢ ስትሄድ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ሐይቁ ዳር ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ካህኑ በጸሎት የሚያነሱትን ስም ሲጠይቁኝ የልጄን የክርስትና ስም ሰጠሁ። አፌ አላርፍ ብሎም፣ «የካኑ ልጅ እናትም» አልሁ።

«ካን ማን ነው? የየት ሰፈር ሰው?»

«የፋርስ ነው አባ። ልጇን ወስደውባት... እሷም ከሞተች ቆይታለች።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ስሟስ?»

«አልተጻፈም።»

«እንግዲያ እግዚአብሔር ያውቃታል» ብለው መስቀሉን አሳለሙኝ።

ስልክ ብሞክር አልሠራ አለ። ጀልባ የሚጠብቁ ሰዎች «እናት፣ የጠፋብዎ ነገር አለ?» እስኪሉኝ ድረስ በሐይቁ ዳር ተመላለስሁ። በመጨረሻ ባጃጅ ይዤ ፔዳ ሄድሁ። ልጄን ከጓደኞቿ ጋር በሩ ላይ አገኘኋት። አልፋለች። መሬቱን ስሜ አመሰገንሁ፤ «እማዬ፣ ሰው ያያል» እያለች አነሳችኝ።

በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ጠሩኝ። «የልጅሽ ነገር እንዴት ሆነ?»

«አለፈች አባ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«የዚያችኛዋስ? ልጇ ተመለሰላት?»

«ልጄን ልጠይቃት አባ» ብዬ ወጣሁ። ቤት ስገባ ነጠላዬን እንኳ ሳላወርድ ልጄን ያዝኋት።

«ተመልሷል እማዬ። አባቱ ሲሞት መጥቶ ካን ሆነ።»

«እናቱ በሕይወት ደረሰችበት?»

«እማዬ!»

ተመስገን ማለቱንስ አልሁ። ልቤ ግን አልተቀመጠም፤ አሁንም ስም ሳስጠራ እሷን እጨምራለሁ።