ፊደሉ ይግዘፍልኝ

ኤቢሴ አዲስ አበባ፣ ቤቴል ሰፈር በሚገኘው ቤቷ የሰርግ ካርድና ስቲከር እያተመች ትተዳደራለች። ዛሬ ረፋድ ላይ የመጡት ሽማግሌ ግን ለሰርግ አልነበረም የመጡት። ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፤ ወረቀት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ።

«ልጄ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የሚለጠፍ ነው። ፊደሉ ይግዘፍልኝ» አሏት። «ትናንት የእኔን ኪኒን ለባለቤቴ ሰጥቼ ሐኪም ቤት ዋልን። እግዜር ነው ያተረፋት።»

የታተመው እንደወጣ «ጠዋት» የሚለውን በጣታቸው ቢነኩት ቀለሙ ተጨማለቀ። ፊታቸው ጠቆረ። ኤቢሴ እጅ ላይ የቀረው ያልታተመበት ስቲከር ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ማተሚያውን ለተራ ወረቀት እንዳስተካከለችው ትታው ኖሯል፤ ቀለሙ ያልያዘው ለዚህ ነው። ለስቲከር ቀየረችው። መጀመሪያ በተራ ወረቀት ሞከረችና ከስቲከሩ ጋር ደርባ በመስኮቱ ብርሃን አየችው፤ ጽሑፉ ከስቲከሩ ጠርዝ አልወጣም። ከዚያ የቀረችውን አንዷን አስገባች።

«እስኪደርቅ እንዳይነኩት፣ አባባ።»

እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ቆሙ። ከዚያ በጣታቸው ዳበስ አደረጉት፤ ቀለሙ አልለቀቀም። ወረቀቱን ራቅ አድርገው ይዘው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፦ «የእሷ። ጠዋት፣ አንድ።»

«እፎይ!» አሉ፤ ትከሻቸው ወረድ አለ። «ባለቤቴ ፊደል አልቆጠረችም። አርባ ዓመት ሙሉ የመጣላትን ደብዳቤ ሁሉ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ትናንት ዓይኔ እንደደከመ ስታውቅ አለቀሰች።»

ስቲከሩን በመሐረባቸው ጠቅልለው በሩን ከፈቱ።

«ይቺን ግን እኔው አነብላታለሁ።»