የበርሜሉ ናፍጣ

ይገዙ ቁልፉን እንደገና አዞረ። ሞተሩ ዞረ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ አልተነሣም።

«ይነሣል» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አሮጌው ላንድክሩዘር የቆመው ከእጃጂ ወደ ጌዶ በሚያወጣው ዳገት ወገብ ላይ ነው። ዝናብ ያካፋል። ከኋላ የጎን ወንበሮቹ ታጥፈው ፍራሽ ተነጥፏል፤ ፍራሹ ላይ ዶርቃስ ተኝታለች። ምጥ ላይ ነች። የመጀመሪያ ልጇ በቀዶ ሕክምና ተወልዶ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። አሁንም ጤና ጣቢያው በምጥ እንደማትገላገል አይቶ ወደ አምቦ ላካት። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ስለሄደ ይገዙ ተጠራ። አዋላጅ ነርሷ ምኞት ከዶርቃስ አጠገብ ተንበርክካለች። ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጡት የዶርቃስ አባት ኦቦ ነጋሳ ናቸው፤ የወፍጮ ቤት ባለቤት።

«ይሄ መኪና የእኔ በቅሎ ዘመድ ነው» አሉ ኦቦ ነጋሳ። «ዳገት ሲያይ ይለግማል።»

ማንም አልሳቀም። እሳቸውም አልሳቁም።

ይገዙ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ምን እንደሚያገኝ ግን ያውቅ ነበር። ሞተሩ ከመቆሙ በፊት ጉልበት አጣ፣ ተርገፈገፈ፣ ከዚያ ጠፋ። ባትሪው ደህና ነው፣ ማስነሻው ሞተሪኖም ያዞራል። እንዲህ አድርጎ የሚጠፋ የናፍጣ ሞተር ውሃ ጠጥቷል። ዕድሜውን መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ይህን ለማወቅ ኮፈን መክፈት አያስፈልገውም።

ነገር ግን ናፍጣው የኦቦ ነጋሳ ነው።

ጊዜው የ2015 ክረምት ነው። ናፍጣ ከማደያ ጠፍቶ መንገድ ዳር በጀሪካን ይሸጥ ነበር። ይገዙ ከነዚያ ጀሪካኖች ሲገዛ መጀመሪያ ትንሽ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ ድንጋይ ላይ ያቆምና ይጠብቃል። ውሃ ካለው ከሥር ይዘቅጣል። ሻጮቹ ይሰድቡታል፤ እሱ ይጠብቃል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን የመኪናው ነዳጅ ታንከር ባዶ ነበር። ኦቦ ነጋሳ ለወፍጮአቸው ያስቀመጡትን በርሜል ራሳቸው እያንከባለሉ አመጡና «ውሰድ፣ ሁሉንም ውሰድ» አሉት። ልጁ በምጥ የተያዘችበት አባት ፊት ጠርሙስ አቁሞ መጠበቅ ሌባ ነህ ከማለት አይተናነስም። ይገዙ ጠርሙሱን ከወንበር ሥር ሳያወጣ ቀዳ።

እንዲህ ያለ ሰው ነው። አምቦ ተወልዶ ያደገ፣ በግብርና መሥሪያ ቤት ሾፌርነት እጃጂ ገብቶ እዚያው የቀረ። ሰው ፊት እምቢ ማለት አይሆንለትም። የዕድሩ ዳኛ የሆነው ሹመቱን ፈልጎ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ አፍጥጠው ሲያዩት ዝም ስላለ ነው። ባለቤቱ ደስታነሽ «አንተን በሽታ አይገድልህም፣ ይሉኝታ እንጂ» ትለዋለች።

ስለዚህ ነዳጁን ትቶ ሌላ ሌላውን መፈተሽ ጀመረ። የባትሪውን ራስ ነቅሎ ፋቀ፣ መልሶ አጠበቀ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አየ። የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ አራገፈ። በየመካከሉ እየገባ ቁልፉን ያዞራል። በየጊዜው ሞተሪኖው እየዘገየ፣ ድምፁ እየወፈረ መጣ። ባትሪው እያለቀ ነው። ይህንንም ያውቃል።

«ጋሼ ይገዙ» አለች ዶርቃስ ከውስጥ፣ ምጡ ፋታ ሲሰጣት። «ሙሽራ ነው እንዴ እንዲህ የሚለማመጡት?»

አንድ አይሱዙ ከታች መጣ። ይገዙ እጁን አውለበለበ። ሾፌሩ ፍጥነት ጨምሮ አለፈ። ዕገታ በበዛበት በዚያ ዓመት በዚያ መንገድ ለቆመ መኪና የሚቆም አልነበረም። ይገዙም ቢሆን አይቆምም ነበር።

ምኞት የኋላውን በር ከፍታ አንገቷን አወጣች። «ምን ሆኖ ነው?»

«አየር ማጣሪያው ይመስለኛል።»

«ነዳጁስ?»

«ነዳጁ ደህና ነው» አለ ቶሎ።

«የእኔ ነዳጅ እኮ ነው» አሉ ኦቦ ነጋሳ። «ምን ይሆናል?»

ዶርቃስ ጮኸች። እስካሁን ከጮኸችው የተለየ ነው። ምኞት በሩን ዘጋች፤ ጥቂት ቆይታ ወረደችና ይገዙን ክንዱን ይዛ ወደ ኮፈኑ ጎተተችው።

«የድሮ ስፌቷ ላይ ነው የሚያማት» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ማህፀኗ ሊቀደድ ነው። የሕፃኑም የልብ ምት እየወረደ ነው። ማጣሪያ ማራገፉን ይተዉና ይህን መኪና ያስነሡልኝ። አለበለዚያ ሁለቱም እዚህ ይሞታሉ።»

ይገዙ አሥር ቁጥር መፍቻ አነሣ። ጠርሙሱንም ከወንበር ሥር አወጣ። ለኦቦ ነጋሳ ጀርባውን ሰጥቶ ኮፈኑ ውስጥ አጎነበሰ፤ ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለችውን ብሎን አላልቶ ጠርሙሱን ደቀነ።

ኦቦ ነጋሳ ዝናብ እንዳይመታው ብለው ጃንጥላ ይዘው ወረዱ። ከራሱ በላይ ዘረጉለት። ከዚያ ጠርሙሱን አዩ።

«ከሥሩ ያለው ጥርት ያለው ምንድን ነው?»

ይገዙ ጠርሙሱን በመዳፉ ከለለ።

«ውሃ ነው?»

«ጤዛ ይዞት ይሆናል፣ ኦቦ ነጋሳ። ክረምት አይደል።»

«ጤዛ ግማሽ ጠርሙስ ይሞላል?» ጃንጥላው ዘመመ። «የወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል። በርሜሉ ከሥሩ ነው የከረመው። መቼ ነው ያወቅኸው?»

ይገዙ የቀረውን ውሃ ለማውጣት ማጣሪያው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ይጫን ጀመር።

«ይገዙ! መቼ?»

«እንደቆመ።»

«ያ ዋቃዮ!» አሉ ኦቦ ነጋሳ አምላካቸውን ጠርተው። «ለእኔ ይሉኝታ ብለህ? ብትሰድበኝ ምን እሆን ነበር? ሰው ተሰድቦ ይሞታል?»

ይገዙ መኪናው ሥር ገብቶ የታንከሩን ማፍሰሻ ፈታ። መጀመሪያ ውሃ ወረደ፤ ናፍጣ ሲሸተው ዘጋው። ማጣሪያውን እንደገና አፈሰሰ፣ ፓምፑን እስኪጠነክር ጫነ፣ አየሩን አወጣ። ገብቶ ቁልፉን አዞረ።

ቀጭ አለ። ሌላ ድምፅ የለም። ሞተሪኖውን የሚያዞር ኃይል ባትሪው ውስጥ አልቀረም።

መኪናው አፍንጫው ወደ ዳገቱ ነው። ወደፊት የሚገፋ ሰው የለም። የሚቀረው ወደኋላ ለቅቆ በኋላ ማርሽ ማስነሣት ነው። ከኋላ መንገዱ ይታጠፋል፤ ከመታጠፊያው ባሻገር ገደል ነው። ዝናቡ አስፋልቱን አንሸራታች አድርጎታል።

«ምኞት፣ አጥብቀሽ ያዣት» አለ።

ኦቦ ነጋሳ ሳይባሉ ወደ መታጠፊያው በሩጫ ወረዱ፤ ከታች መኪና ቢመጣ ለማስቆም። ጃንጥላቸውን ወደ ላይ አነሡ፦ መንገዱ ነፃ ነው።

ይገዙ ፍሪሲዮን ረግጦ ፍሬኑን ለቀቀ። መኪናው ወደኋላ መንሸራተት ጀመረ፤ ፈጠነ። ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ሞተሩ ሳለ፣ ተርገፈገፈ፣ ዝም አለ። እንደገና ረገጠ። መታጠፊያው በመስተዋቱ ውስጥ እየሰፋ መጣ። ኦቦ ነጋሳ ጃንጥላውን ጥለው በሁለት እጃቸው «በቃ! በቃ!» ይላሉ። ይገዙ አልቆመም። ከቆመ ሌላ ቁልቁለት የለውም። ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ዶርቃስ ጮኸች። ሞተሩ ሳለ፣ ደግሞ ሳለ፣ ተነሣ።

ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ነዳጅ መስጫውን ሳይለቅ ፍሬን ያዘ። የኋላ ጎማዎቹ አስፋልቱን ለቅቀው የመንገዱ ዳር ጭቃ ላይ ቆሙ።

ኦቦ ነጋሳ እያለከለኩ ገቡ። ይገዙ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ በጉደር በኩል ወደ አምቦ ነዳ።

ዶርቃስ አምቦ እንደደረሰች ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች። ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗ በሕይወት አለች። የዶርቃስ ማህፀን ግን ተቀድዶ ስለነበር ሐኪሞቹ አወጡት፤ ከእንግዲህ ሌላ ልጅ አትወልድም።